ትከሻውን በጥቂቱ

የተተኮሰ ቀለህ ሲወጣ፣ ሲጎረስ የነበረውን መጠን አይዝም። ባሩዱ ሲነድ የሚፈጠረው ግፊት የቀለሁን ናስ ከማጉረሻው ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚከለክለውም ይኸው ነው። ግፊቱ ሲያልፍ ናሱ ጥቂት ይሰበሰባል እንጂ ወደ ቀድሞው አይመለስም። እንግዲህ ጥይቱን ራሱ ለሚሞላ ሰው ዋናው ጥያቄ ያበጠውን ምን ያህል ላጥብበው የሚለው ነው።

እዚህ አሜሪካ ጋራዤ ውስጥ የማዘጋጀው በአብዛኛው .30-06 ነው፤ በ1906 ለአሜሪካ ጦር የወጣ፣ እስካሁንም አዳኞች ያልተውት ጥይት። የተለመደው ምክር ዳዩን፣ ማለትም ቀለሁን የሚያጠብበውን የብረት ቅርጽ፣ የቀለሁን መያዣ እስኪነካ አውርዱት፣ ከዚያም ትንሽ ጨምሩበት ይላል። ጥይቱ በየትኛውም ጠመንጃ እንዲጎረስ ለሚፈልግ ደግ ምክር ነው። እኔ ግን የምተኩሰው በአንድ ጠመንጃ ነው፣ ቀለሁም የእሱን ልክ ይዞ ወጥቷል። ያንን ልክ ለምን አጠፋለሁ? ለካሁ፣ ትከሻውን (ቀለሁ ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ) 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ገፋሁ፣ መቀርቀሪያው ሳይታገል ከተዘጋ በቃ።

አብዝቶ የሚገፋ ሰው ጉዳቱን የሚያገኘው ታች ነው። ትከሻው አለቅጥ የተገፋ ቀለህ ሲተኮስ ፊተኛው ክፍሉ ግድግዳውን ይዞ ይቀራል፣ መቀመጫው ደግሞ ወደ መቀርቀሪያው ይሸሻል። በመካከል ያለው ናስ ይለጠጣል፤ በየተኩሱ እየሳሳ ሄዶ አንድ ቀን ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ለሁለት ይበጠሳል። አንዳንዴ በውጭ ነጣ ያለ ቀለበት ይታያል። ባይታይም ጫፉን ባጠፍኩት ሽቦ የውስጡን ግድግዳ እዳብሳለሁ፤ ሽቦው ጎድጎድ ያለ ነገር ላይ ያዝ ካደረገ ያ ቀለህ ዳግመኛ አይሞላም። የውጅግራ ጠመንጃ ጥይት በድሮ ጊዜ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር በነበረበት አገር ለተወለደ ሰው ናስ መጣል ይከብዳል፣ ቢሆንም ይጣላል።

ቅባቱ ስስ ላኖሊን ነው፦ ካነሰ ቀለሁ ዳይ ውስጥ ይነክሳል፣ ከበዛ ትከሻው ይሰረጉዳል።

አንገቱ ሌላ ጣጣ አለው። 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነው ናስ በሰፋና በጠበበ ቁጥር ይደድራል፤ የደደረ አንገት አረሩን ወጥ በሆነ ኃይል አይዝም፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። መድኃኒቱ አንገቱንና ትከሻውን ብቻ በነበልባል ለአጭር ጊዜ አሙቆ ማለስለስ ነው። ሙቀቱ ወደ መቀመጫው ከወረደ ግን ቀለሁ አደገኛ ይሆናል፤ ግፊቱን የሚሸከመው የመቀመጫው ጥንካሬ ነውና። ቀለሁን በሙሉ ምድጃ ውስጥ የሚከት ሰው ካጋጠማችሁ አስቁሙት።

አሞኒያ ያለበት የናስ መወልወያም አላስጠጋም። በእንግሊዝ ዘመን ሕንድ ውስጥ በዝናብ ወራት ጋጣ አጠገብ የተከማቹ ጥይቶች ቀለሃቸው ይሰነጠቅ ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ውጥረት ያለበትን ናስ ማጥቃቱ እንደሆነ በ1921 በታተመ ጥናት ተብራራ።

ርዝመቱን የምለካው ከጠበበ በኋላ ነው፣ ዳዩ ናሱን ወደ አንገቱ ስለሚያስረዝመው። የ.30-06 ጣሪያው 63.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ እኔ ወደ 63.1 እቆርጠዋለሁ። ያለፈ እንደሆነ የአንገቱ አፍ በርሜሉ መግቢያ ላይ ተጣብቆ አረሩን ያንቃል፣ ግፊቱም ያሻቅባል። ከተቆረጠ በኋላ አፉን ከውስጥም ከውጭም በስሱ እሞርደዋለሁ፣ ስለቱ የአረሩን ልባስ እንዳይፍቀው።