ከመኪና ወደ ሮቦት፦ የተቀያያሪ አሻንጉሊት አሰባሰብና አያያዝ

ተቀያያሪ ሮቦት ሁለት መልክ ያለው አሻንጉሊት ነው። አካሉ ሳይበታተን፣ እየታጠፈና እየዞረ ከመኪና ወደ ሰው መሰል ሮቦት ይሄዳል፤ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሌላ አሻንጉሊት የሚሰበስብ ሰው የሚያስቀምጠው መልክ ነው። የተቀያያሪ ሮቦት ሰብሳቢ ሀብት ግን በሁለቱ መልኮች መካከል ያለው እንቅስቃሴ ነው። ማጠፊያው የተሰበረ ሮቦት ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ግማሽ ዕቃ ነው፤ ቀለሙ የለቀቀ ሆኖ ማጠፊያው የሚሠራው ደግሞ ሙሉ ነው። ግዢውም ጥገናውም ከዚህ ሚዛን ይነሣል።

የዘሩ አገር ጃፓን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ታካራ የተባለው ኩባንያ በ1980 ዲያክሎን የተሰኘ ተከታታይ አሻንጉሊት አወጣ፤ በ1982 ደግሞ በዚያው ስም በመንገድ ላይ የሚታዩ መኪኖችን ከእውነተኛው መጠናቸው 60 ጊዜ አሳንሶ ወደ ሮቦት የሚቀየሩ አድርጎ ሠራቸው። በየመኪናው ውስጥ የሚቀመጡ ትንንሽ ነጂዎችም ነበሯቸው። በ1983 የመጣው ማይክሮ ቼንጅ የተባለው ወገን ሐሳቡ ሌላ ነበር፤ ሮቦቱ በቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሆኖ ይደበቃል፣ ቴፕ፣ ካሜራ ወይም ሽጉጥ ይሆናል። የአሜሪካው ሃስብሮ ሁለቱንም ወስዶ በ1984 ትራንስፎርመርስ በሚል አንድ ስም ለገበያ አቀረባቸው። ታሪካቸውንና ስማቸውን ያወጡላቸው የኮሚክ መጽሔት አሳታሚው የማርቭል ጸሐፊዎች ናቸው። ኦፕቲመስ ፕራይም የሚለውን ስም ያወጣው ዴኒ ኦኒል ሲሆን፣ የአብዛኞቹን ገጸ ባሕርያት ስምና ጠባይ የጻፈው ቦብ ቡዲያንስኪ ነው።

ይህ ድርብ ዘር ዛሬም መደርደሪያው ላይ ይታያል። ኦፕቲመስ ፕራይም ከዲያክሎን የመጣ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና ነው። ባምብልቢ ከማይክሮ ቼንጅ ወገን የመጣ፣ የአዲስ አበባ ሰው ቮልስ በሚለው መኪና አምሳል የተሠራ በእጅ መዳፍ የሚጨበጥ ሮቦት ነው። ሳውንድዌቭ ደግሞ ቴፕ ነው። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ መጠናቸው አይጣጣምም፤ ቴፑ ከከባዱ መኪና ጋር ትከሻ ለትከሻ ይለካካል። ጀማሪ ሰብሳቢ ይህን የአሠራር ጉድለት አድርጎ ያየዋል፤ ምክንያቱ ግን አንዱ የተሠራው በመኪና ልክ፣ ሌላው በዕቃው በራሱ ልክ መሆኑ ነው። የ1984ቱን ኦፕቲመስ ደረት የከፈተ ሰው ደግሞ ለነጂዎቹ የተሠራውን ቦታ ያገኛል። በሃስብሮ ታሪክ ሮቦቱ ራሱ ሕያው ነውና ነጂ አያስፈልገውም፤ ቦታው ግን ከዲያክሎን ዘመን ሳይነካ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ምልክት ለይቶ ማንበብ ከአሰባሰቡ ደስታዎች ዋናው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በአጭሩ ሊታለፍ ይችላል። በ1996 የወጣው ቢስት ዋርስ መኪናውን ትቶ እንስሳ ቢያመጣም፣ ክንድና እግር ወደፈለጉበት እንዲዞር የሚያደርገውን የኳስ መገጣጠሚያ አስፋፋ። በ2003 ታካራ ለአዋቂ ሰብሳቢ የታሰበውን ማስተርፒስ ጀመረ፤ በ2006 ከአሻንጉሊት ኩባንያው ከቶሚ ጋር ተዋሐደ፤ በ2007 የወጣው የትራንስፎርመርስ ፊልም ደግሞ አዲስ ትውልድ አመጣ። የድሮው ባምብልቢ በጥቂት እንቅስቃሴ ይቀየራል። ማስተርፒስ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንዱ ክፍል ሌላውን ይፍቃል።

ሲገዛ ዓይን ከቀለም በፊት ማጠፊያ ላይ ማረፍ አለበት። በፒኑ ዙሪያ ፕላስቲኩ ነጣ ያለ መስመር ካሳየ ተጨንቋል ማለት ነው፤ ስንጥቅ ገና ባይታይም መንገድ ጀምሯል። ቀጥሎ የሚጠፉ ነገሮች ይቆጠራሉ። የመጀመሪያው ኦፕቲመስ እጆች ተነቃይ ናቸው፤ ሲቀየር ይወልቃሉ፣ ስለዚህም ከሁሉ ቀድመው የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። ጠመንጃውና ከተሳቢው ጋር የሚመጣው ትንሹ መኪና ይከተላሉ። አካሉ ላይ የተቀረጸው ዓመት የመብቱ ዓመት እንጂ ያ ዕቃ ከፋብሪካ የወጣበት አይደለም፤ በዚህ ብቻ ተማምኖ «የ1980ዎቹ ነው» የሚል ሻጭ ሊታመን አይገባም። ከ1985 ጀምሮ በኦሪጅናሎቹ ላይ በሙቀት የሚገለጥ ትንሽ ምልክት ተለጥፏል። ጥቁር መስሎ ይቆይና ጣት ሲታሸበት ሮቦቱ በታሪኩ ውስጥ ከየትኛው ጎራ እንደሆነ ያሳያል። የተሠራው ከፎርጅድ ለመለየት ነበር፤ ያረጀው ግን ሳይሠራ ሊቀር ስለሚችል አለመታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

የባሕር ማዶ ዕቃ ረጅም መንገድ ተጉዞ መድረሱ ከአንኮበር በታች ለምትገኘው ለአሊዩ አምባ እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ገበያው እዚህ ነበር፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ዊልያም ሃሪስም በ1841 ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ ጠመንጃን ጨምሮ ብዙ ገጸ በረከት ይዞ ያለፈው በዚሁ በኩል ነው። ዛሬ ሮቦት ወደ እንዲህ ያለ ከተማ የሚደርሰው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከመርካቶ በካርቶን ነው። በሁለቱም መንገድ ቢሆን በመኪና መልኩ መታሸግ አለበት። በመኪናነቱ ጭንቅላቱና እጆቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ መንገጫገጩን የሚችለው ቅርፊቱ ይሆናል። በሮቦት መልኩ የተላከ ግን ክንዱን ወይም ጭስ ማውጫውን ሰብሮ ይደርሳል። ተነቃይ ክፍሎች ለብቻ በትንሽ ፌስታል ታስረው ከዋናው ጋር በአንድ ካርቶን ይግቡ።

ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ የወረደ ሰው የአየሩን ለውጥ በቆዳው ያውቀዋል፤ ፕላስቲክም ያውቀዋል። አብዛኛው አካል ኤቢኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ በፀሐይ ጨረር ይበልዛል፣ ሙቀትም ያግዘዋል፤ ነጩ ክፍል መጀመሪያ የቅቤ፣ ኋላ የሻይ መልክ ይይዛል። ቆላው በሙቀት ይጎዳል። ደጋውም መጠለያ አይሆንም፤ ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ ይበረታልና ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ቢሆንም በመስኮት ዳር የተቀመጠ ሮቦት ይበልዛል። በቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ውስጥ ከሁሉ የከፋው ቦታ ከጣሪያው ሥር ያለው ከፍተኛ መደርደሪያ ነው። ዝቅ ያለ፣ መስኮት የማያየው ግድግዳ ይመረጣል። የበለዘውን በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያነጡ አሉ፤ ቀለሙ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፣ ዕቃውም ሊዥጎረጎር ይችላል። በልዞም የሚሠራን ዕቃ መተው ይሻላል። የጎማ ነገር ደግሞ ለብቻ ይታይ፤ ለስላሳ ፕላስቲክ ጠንካራውን ለረጅም ጊዜ ከነካው ያቀልጠዋል፣ ስለዚህ መካከላቸው ወረቀት ይገባል። ባትሪ ያለው ሮቦት ባትሪው ወጥቶ ይቀመጥ።

ማጠፊያ ጨርሶ ሳይነካ ቢቀር ደርቆ ይይዛል፤ በየጊዜው ቢነካካም ይላላል። በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቀስ ብሎ መቀየር በቂ ነው። አንድ ክፍል እምቢ ሲል ከማስገደድ በፊት ያላለቀ ቀዳሚ እንቅስቃሴ ይፈለጋል፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እዚያ ነው። ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ክፉ ወገን አለ። በተለይ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንዳንድ ሮቦቶች ወርቃማ ብልጭታ በተቀላቀለበት ፕላስቲክ ተሠርተዋል፤ ይህ ፕላስቲክ በዕድሜ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ከካርቶኑ ያልወጣውም አይተርፍም። ወርቃማው ክፍል በማጠፊያው ላይ ከሆነ ሮቦቱ የሚወደደው መልክ ላይ ቆሞ ይቅር፤ ዳግመኛ አይቀየር። በእንቅስቃሴ ለሚያምን ሰብሳቢ ይህ ከባድ ውሳኔ ነው፤ ሌላው አማራጭ ግን ስብርባሪ መሰብሰብ ብቻ ነው።

የላላ የኳስ መገጣጠሚያ ኳሱን ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ቀብቶ፣ በደንብ አድርቆ በመመለስ ይጠብቃል። ሳይደርቅ የተመለሰ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ይሰበራል። በቪቴ የተያዘ መገጣጠሚያ በልኩ በሆነ ካቻቪቴ ብቻ ይነካ፤ ጭንቅላቱ የተበላ ቪቴ አይወጣም። የሞተርና የማጠፊያ ዘይት ፕላስቲክን ሊያሰነጥቅ ስለሚችል የሚያስፈልገው የሲሊኮን ቅባት ነው፣ እሱም በጠብታ። ሱፐር ግሉ ወደ ማጠፊያ አይቅረብ፤ ፈሳሹ ወደ ፒኑ ሠርጎ እንቅስቃሴውን ለዘለቄታ ይዘጋዋል። አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይነሣል፤ ስቲከር ያለበት ገጽ ውሃ አይነካው።

የአቀያየሩ መመሪያ ወረቀት ከሮቦቱ እኩል ይጠበቃል። ወረቀቱ ከጠፋ ሰብሳቢው ራሱ እየቀየረ ቅደም ተከተሉን ይጽፋል፤ የትኛው ክፍል እንደሚቀድም፣ ወደየት እንደሚዞር፣ የትኛው ማጠፊያ ነጥቶ እንደሚያሰጋ። በዚያው ወረቀት ላይ የተገዛበት ጊዜ፣ የጎደለው ክፍልና የተደረገው ጥገና ይመዘገባሉ። ሮቦቱ ባለቤት ሲቀይር ይህ ወረቀት አብሮ ይሄዳል።