ተምሮ የመጣ ልጅ፦ ከ«አዲስ ዓለም» እስከ «ጤዛ»

ባሕር ማዶ ለትምህርት ሄዶ የተመለሰ ልጅ በዘመድ መካከል ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «ምን ይዘህ መጣህ?» የሚል ነው። «እንዴት ኖርክ? እንዴትስ ተማርክ?» ብሎ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። የቀንዱ አገሮች ድርሰትና ፊልም ይህን ልጅ ከዘጠና ዓመት በላይ ሲከተሉት ቆይተዋል፤ ነገር ግን እነርሱም እንደ ዘመድ ሆነው በር ላይ ተቀበሉት እንጂ ወደ ትምህርት ቤቱ አብረውት አልዘለቁም። በሦስት ዘመን የተሠሩ ሦስት ሥራዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ይህ ዝምታ ከምን እንደመጣና ምን እንዳስከፈለ ይገለጻል።

የመጀመሪያው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» ነው። ባለታሪኩ አወቀ የገጠር ልጅ ነው፤ ስሙ ራሱ ዕጣውን ይናገራል። ፓሪስ ሄዶ ለዓመታት ተምሮ ይመለሳል። የመጽሐፉ ክብደት ያረፈው ግን ከመልሱ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው፦ በአባት ሞት፣ በተዝካር ድግስ፣ በጋብቻ ሥርዓት፣ በቤተ ክርስቲያን ልማድ። አወቀ ለተዝካር የሚባክነው ሀብት ለድሆች ቢውል ይሻላል ሲል ዘመድ ወዳጁ ፈረንጅ አገር ሄዶ ሃይማኖቱን ጥሎ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ደራሲው በዚህ ክርክር ውስጥ ለማን እንደሚያደሉ ግልጽ ነው፤ ሆኖም የዘመዱን ቅሬታ ለመስማት ትዕግሥት አላቸው። ፓሪስን በሚመለከት አንባቢ የሚቀርለት ጥቂት ነው። አወቀ ያመጣው ዕውቀት የተዘጋጀ ምክር ሆኖ ይቀርባል፤ ምክሩን ለማግኘት የከፈለው ብቸኝነት፣ የቋንቋው ትግል፣ ያልገባው ነገር ሁሉ ከገጹ ውጭ ቀርቷል። ይህም የሆነው መጽሐፉ ሊያስተምር ስለተነሣ ነው፤ የሚያስተምር ሰው የተማረበትን ድካም ብዙ አያወራም።

ሁለተኛው የሱዳኑ ጠይብ ሳሊሕ እ.ኤ.አ. በ1966 በዐረብኛ ያወጡት «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወቅት» ነው። በዓባይ ዳር ካለች መንደር ተነሥቶ እንግሊዝ አገር ሰባት ዓመት የቆየ ወጣት፣ ስለ አንድ ብዙም የማይታወቅ እንግሊዛዊ ገጣሚ አጥንቶ ተመልሷል። የመንደሩ ሰዎች ስለ ፈረንጆቹ ሲጠይቁት ከጥቂት ልዩነት በስተቀር እንደኛው ናቸው ብሎ ይመልሳል፤ ሌላውን በሆዱ ይይዛል። መጽሐፉ የተገነባው በሆድ በቀረው በዚያ ነገር ላይ ነው። ሙስጠፋ ሰዒድ የተባለው ከእርሱ በፊት የተማረ ሰው ለንደን ውስጥ በሕይወትና በሞት የፈጸመውን ሁሉ ደብቆ በመንደሯ ገበሬ ሆኖ ይኖራል፤ ከቤቱ ውስጥ ያለች አንዲት የተቆለፈች ክፍል ግን በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ተሞልታ ተገኝታለች፤ አንድም የዐረብኛ መጽሐፍ የለባትም። ኅሩይ በዝምታ ያለፉትን ዘመን ሳሊሕ ቁልፍ ያለው ክፍል አድርገው ሠሩት። የተማረው ሰው በአንድ ቋንቋ የሚያስብበትና በሌላ ቋንቋ የሚኖርበት ቤት ከዚህ በተሻለ አልተሳለም።

ሦስተኛው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምዕራብ ጀርመን ሕክምና ያጠና፣ በአብዮቱ ተስፋ አገሩ የገባ፣ ጓደኛውን ያጣ፣ ዳግም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ያጣ ሰው ነው። በደርግ መጨረሻ ዘመን ወደ እናቱ ቤት ሲመለስ ከአካሉ ሌላ ትዝታውም ጎድሏል። ሕመምተኛ እንዲፈውስ የሚጠበቀው ልጅ ራሱ ለጸበል ይወሰዳል። «ምን ይዘህ መጣህ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የመረረ መልስ አልተሰጠም፤ ሆኖም ፊልሙ ጠያቂዎቹን አያላግጥባቸውም። እናቲቱ ልጇን የምትመለከትበት ዓይን፣ ከውትድርና አፈሳ ሸሽተው በዋሻ የተደበቁት ልጆች፣ ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ የቆመው የፋሺስት ዘመን ሐውልት፣ ሁሉም የግለሰቡን ቁስል ከአገሩ ቁስል ጋር ያያይዙታል።

«ጤዛ» ከፍ ያለበት ቦታ የመንደሩ ክፍል ነው። ዝቅ የሚልበት ቦታ ደግሞ ጀርመን ነው። በዚያ የሚታዩት ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ሁሉ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ የዘመኑን እውነት የያዘ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ንግግሩ ከሰውየው ይቀድማል። አንበርብር ሐኪም ሊሆን ሄዶ ሳለ ሕክምናን እንዴት እንደተማረ፣ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱን በባዕድ ቋንቋ ሲከታተል ምን እንዳመለጠው፣ የትኛው ግኝት ልቡን እንዳሞቀው ተመልካች እምብዛም አያውቅም። በዚህም ምክንያት ዕውቀቱ ከንቱ ሲቀር ኪሳራው ከመነገር አልፎ አይቆጠርም። ያልታየ ሀብት ቢጠፋ የጉዳቱ መጠን አይታወቅምና። ኃይሌ ገሪማ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ሠርተው ያስተማሩ ከያኒ ናቸው፤ ይህን ጎደሎ ለመሙላት ከእርሳቸው የተሻለ ምስክር ባልተገኘ ነበር።

ዝምታው የደራሲዎቹ ጥፋት ብቻ አይደለም። ለውጭ ትምህርት የሚላክ ልጅ በአብዛኛው የብዙዎችን ተስፋ ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ መንግሥት ወጪ አውጥቶ፣ ዘመድ ምርቃት ጨምሮ። ዕዳ ያለበት ሰው ሲመለስ የሚያቀርበው ሒሳብ ነው፤ ደስታውንና ውድቀቱን ዘርዝሮ ማውራት ስንፍና ይመስልበታል። ዛሬ ቤጂንግ፣ ቡዳፔስት ወይም አንካራ ለአንድ መንፈቅም ሆነ ለሙሉ ዲግሪ የሚሄደው ተማሪ በየዕለቱ ወደ ቤቱ ይደውላል፤ በስልኩ የሚናገረው ግን ያው «ደኅና ነኝ» ነው። ድርሰት የሚያስፈልገው «ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል የሸፈነውን ለመክፈት ነው።

ከዚህ ዝምታ የወጣ፣ ስሙ ግን ከሦስቱ ሥራዎች ጋር ተነሥቶ የማያውቅ አንድ መልስ አለ። በኦክስፎርድ የተማሩት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ፣ ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1759 ያሳተመውን የ«ራስላስ» ታሪክ ወደ አማርኛ መለሱት። ታሪኩ ከተመቸ ሸለቆው ወጥቶ የሰውን አኗኗር ሊማር ወደ ካይሮ ስለሄደ የሐበሻ መስፍን ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ የሚያውቃት ከመጻሕፍት ነበር። እንግሊዛዊው በሐሳቡ ያስወጣውን መስፍን፣ በእውነት ወጥቶ የተማረው ኢትዮጵያዊ በአማርኛ ወደ አገሩ አስገባው። የአባት ባለታሪክ አወቀ ከፓሪስ ምክር ይዞ መጣ፤ ልጁ ከኦክስፎርድ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ምክሩን ዘመድ ሊቀበልም ሊጥልም ይችላል፤ የተተረጎመ መጽሐፍ ግን አንባቢውን ራሱን ወደ ሌላው አገር ይዞት ይሄዳል። ከሙስጠፋ ሰዒድ የተቆለፈ ክፍል ጋር ሲነጻጸርም ሲራክ ያደረጉት በሩን መክፈት ነበር።

መንገዱ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የተዘረጋ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ከኬንያ፣ ከዩጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎች አገሮች የመጡ ወጣቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተምረዋል፤ ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ቅኝ ግዛትን በአገራቸው ያዩት እነዚህ ተማሪዎች፣ ነጻነቷን በማታጣው አገር ውስጥ ስላዩት ድህነትና ዝምታ በግልጽ በመናገራቸው የኢትዮጵያውያን ጓደኞቻቸውን ዓይን እንደከፈቱ የተማሪዎች ንቅናቄን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። እንጀራ መብላትን የለመደው ኬንያዊ፣ በስድስት ኪሎ መንገድ እንግዳ ሆኖ የተመለከተው ዓለም በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ምዕራፍ አላገኘም።

ኅሩይ ልጁ የሚለውን አስሰሙ፤ ሳሊሕ የደበቀውን አሳዩ፤ ኃይሌ ያጣውን አለቀሱለት። የቀረው የተማረበትን ሰዓት መጻፍ ነው፦ ከማታው ቤተ መጻሕፍት፣ ከመጀመሪያው የወደቀ ፈተና፣ በባዕድ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሳካ ቀልድ ጋር። ይህ ሲጻፍ የሚጠብቁት ዘመዶች «ምን ይዘህ መጣህ?» ከማለታቸው በፊት የት እንደነበረ ያውቃሉ፤ ያን ጊዜ ያመጣውንም በትክክል ይመዝኑታል።