መጀመሪያ ካርዱን ማወቅ

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንድሮይድ የጫነ ጀማሪ ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፦ ዋይፋዩን ስከፍተው ተመልሶ ይዘጋል፤ የትኛውን ቨርዥን ብጭን ይሻለኛል? በብዛት የሚሰጠው መልስም የሌላ ስርጭት ስም ነው። አንድሮይድ-ኤክስ86 እምቢ ካለ ብሊስ ኦኤስን ሞክር፣ እሱም ካልሆነ ፕራይም ኦኤስን። እኔ ይህን መልስ አጥብቄ እቃወማለሁ። አንዳንዴ ይሠራል። ሲሠራ ግን ለምን እንደሠራ አይነግርም፤ ስለዚህ ሌላ ላፕቶፕ በቀረበ ቁጥር ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል፣ በየመሀሉም ዲስኩ ፎርማት እየተደረገ የሰው ፋይል ይጠፋል። ማወቅ ያለብን የስርጭቱን ስም ሳይሆን የዋይፋይ ካርዱን ማንነት ነው።

አንድሮይድ ዋይፋዩ ለምን እንደተዘጋ ሳይናገር ዝም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለስልክ የተሠራ ሥርዓት ነው። የስልኩ አምራች የትኛውን የዋይፋይ ቺፕ እንደገጠመ ያውቃል፤ ከርነሉን፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት፣ ለዚያ ቺፕ አዘጋጅቶ፣ ቺፑ ራሱ እንዲሠራ የሚጫንበትን ፈርምዌርም ጨምሮ ከፋብሪካ ያወጣዋል። ስለዚህ የስልክ ሴቲንግ ውስጥ «ድራይቨር አልተገኘም» የሚል መልእክት የሚያስፈልግበት ቦታ አልነበረም። በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአንድሮይድ-ኤክስ86 ፕሮጀክት፣ በታይዋናዊው ቺ-ዌይ ሁዋንግ መሪነት፣ ይህንኑ ሥርዓት ወደ ፒሲ ሲያመጣው ማንኛውም ካርድ ሊገጠም ወደሚችልበት ዓለም አስገባው፤ የሴቲንጉ ዝምታ ግን አብሮ መጣ። ማብሪያውን ሲነኩት አንድሮይድ ከሥሩ ያለውን ክፍል ይጠራል፤ ያ ክፍል ከርነሉ የፈጠረውን የዋይፋይ መገናኛ ይፈልጋል፤ ሲያጣው ማብሪያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ድራይቨር ባይኖርም፣ ፈርምዌር ቢጎድልም፣ ሬዲዮው በሌላ ነገር ቢታገድም ተጠቃሚው የሚያየው ያው የማብሪያውን መመለስ ነው። በማብሪያው ላይ ተመርኩዞ ምክር የሚሰጥ ሰው ሦስት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ መድኃኒት እያከመ ነው።

እውነቱን የሚናገረው ከርነሉ ነው። አልትን ከኤፍ1 ጋር ሲጫኑ ጥቁሩ ተርሚናል ይመጣል፤ አልትና ኤፍ7 ወደ ነበሩበት ይመልሳል። እዚያ የካርዱን የአምራችና የሞዴል ቁጥር ማየት ይቻላል፤ የአምራቹ ቁጥር 8086 ከሆነ ለምሳሌ ካርዱ የኢንቴል ነው። ቀጥሎ የከርነሉን መልእክቶች ማንበብ ነው። ኢንቴል ኤኤክስ200 የተባለውን ካርድ እንውሰድ። የአንድሮይድ ከርነል የሆነው ሊኑክስ ይህን ካርድ የሚያውቀው ከከርነል 5.1 ጀምሮ ነው፤ አንድሮይድ-ኤክስ86 9.0 ደግሞ የወጣው በከርነል 4.19 ነው። ይህን ካርድ በያዘ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ስርጭት ደጋግሞ መጫን ከንቱ ድካም ነው። እዚህ ላይ «ሌላ ሞክር» ያለው ሰው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ትክክል የሚያደርገው ግን የከርነሉ ቁጥር እንጂ የስርጭቱ ስም አይደለም። ኤኤክስ210 ከሆነ ደግሞ 5.10 ያስፈልጋል፤ አዲስ ነው ተብሎ የተመረጠ ስርጭት ከርነሉ ከዚያ በታች ከሆነ ያው ነው።

የኢንቴል ድራይቨር ሌላም ልብ የሚባል ጠባይ አለው። የፈርምዌሩ ፋይል ስም መጨረሻ ላይ የቨርዥን ቁጥር አለ፤ ድራይቨሩ ከሚያውቀው ትልቁ ቁጥር ጀምሮ እያወረደ ይፈልጋል። ስለዚህ መልእክቶቹ ውስጥ መጫን አልተቻለም የሚሉ መስመሮች፣ ከጎናቸውም -2 የሚል ቁጥር ይደረደራሉ። -2 ማለት ፋይሉ የለም ማለት ብቻ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ቢያነብ ግን ድራይቨሩ ዝቅ ያለውን ቁጥር አግኝቶ ሥራውን ቀጥሎ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ምናልባት የአውሮፕላን ሞድ ቁልፉ ሬዲዮውን ዘግቶት ይሆናል። በአንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ እንዲያውም የሌለ ቁልፍ ተዘግቷል ብሎ ከርነሉ ሬዲዮውን ያግድ እንደነበር የታወቀ ነው።

የብሮድኮም አሮጌ ካርዶች ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ከርነሉ ውስጥ ቢ43 የተባለ ድራይቨር አላቸው፤ ፈርምዌሩ ግን አብሮ እንዲሰራጭ ፈቃድ ስላልተሰጠ ከአምራቹ ድራይቨር ውስጥ በልዩ መሣሪያ ቆርጦ ማውጣትና የሲስተሙ የፈርምዌር ማህደር ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንድሮይድ-ኤክስ86 ሲጫን ሲስተሙ የሚጻፍበት ይሁን ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰው ሳያስብ አይሁን ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ፋይሉን ማስገቢያ ቀላል መንገድ የለም።

«ይህን ሁሉ ከምናነብ የዩኤስቢ ዋይፋይ ብንገዛስ?» የሚል ተቃውሞ አለ። ዩኤስቢውም ቺፕ አለው፤ ቺፑም ድራይቨር ይፈልጋል። የቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ደብልዩኤን722ኤን የመጀመሪያው ቨርዥን የአቴሮስ ኤአር9271 ቺፕ ነበረው፤ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ፣ ፈርምዌሩም ክፍት የሆነ። ከቨርዥን 2 ጀምሮ በዚያው የሞዴል ስም የሪልቴክ 8188ኢዩኤስ ገባ፤ እሱ ደግሞ የተለየ ድራይቨር የሚጠይቅና በሊኑክስ ብዙ ያስቸገረ ቺፕ ነው። በካርቶኑ ስም ብቻ የገዛ ሰው ችግሩን ከላፕቶፑ ውስጥ ወደ ላፕቶፑ ጎን አዛወረው እንጂ አልፈታውም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ተራው ተጠቃሚ የከርነል መልእክት እንዲያነብ መጠየቅ ግፍ ነው የሚለው ነው። እውነት አለው። ዛሬ ማታ ኢንተርኔት ለሚያስፈልገው ሰው ስልኩን በዩኤስቢ አገናኝቶ ዳታውን ማካፈል ይበቃዋል፤ ላፕቶፑ ስልኩን በአብዛኛው እንደ ኬብል ኔትወርክ ስለሚያየው የዋይፋይ ድራይቨር አይጠይቅም። እኔ የምከራከረው ግን ምክር ከሚሰጠው ሰው ጋር ነው። ምክሩም ዛሬ ይበልጥ ይከብዳል፦ ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል፤ ወደ ዊንዶውስ 11 መሻገር የማይችሉ፣ ግን ገና የሚሠሩ ላፕቶፖች ብዙ ናቸው። አገራችን ውስጥ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ልጁን የሚያስተምር ወላጅ «ካርዱ ሞቷል» ሲባል ያምናል፤ ገንዘብም ያወጣል። ካርዱ ግን ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ ከአንድ የስልክ ፎቶ የሚያንስ ፋይል እየጠበቀ ነው፤ የፋይሉንም ስም ከርነሉ ጽፎ አስቀምጦታል።

ይህን ጥፋት የመፈለግ ሥራ የምወደው በዚህ ነው። መልሱ በግምት የሚገኝ ሳይሆን ተጽፎ የሚጠብቅ ነው፤ ለማንበብም ትዕግሥት እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ስለዚህ መፍትሔ አገኘሁ የሚል ሰው የስርጭቱን ስም ብቻ ነግሮ እንዳያልፍ እለምናለሁ። የካርዱን ቁጥር፣ የከርነሉን ቁጥርና የጎደለውን ፋይል ስም ይጻፍልን፤ ያኔ ያንኑ ካርድ የያዘ ሌላ ሰው ላፕቶፑን ፎርማት ሳያደርግ ሥራውን ይጀምራል።