ሸኚ የሌለው ስንብት

የሙዚቃ ባንድ ሲበተን አልበሙ ይቀራል። ደራሲ መጻፍ ሲያቆም መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አለ። ቴአትር ቤት ተዘግቶ እንኳን ተውኔቱ በወረቀት ይገኛል። የዳንስ ቡድን ሲበተን ግን የሚቀረው ባዶ ወለል ነው። ሥራው ያለው በሰዎቹ አካል ውስጥ ስለሆነ ሰዎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ አብሯቸው ይሄዳል። የዳንስ ቡድን የመጨረሻ ትርዒት ከሌላው ስንብት ሁሉ የሚከብደኝ ለዚህ ነው።

አማርኛ ለመለያየት ሁለት ቃል አለው። ስንብት የሚሄደው ሰው ሥራ ነው፤ ሽኝት የሚቀረው። እንግዳው «በሉ ደህና ሁኑ» ብሎ ይሰናበታል፤ ባለቤቱ ደግሞ እስከ በር፣ ሲያከብረው እስከ ታክሲ ድረስ ወጥቶ ይሸኘዋል። «ከማኅበረሰቡ የበቀለ» የሚባል የዳንስ ቡድን ሲያበቃ ስለ ቡድኑ ብቻ መጠየቅ በቂ አይመስለኝም። ማኅበረሰቡስ ሸኘው ወይ? አዲስ አበባ ላይ ይህን ጥያቄ ስናነሳ መልሱ ደስ አይልም።

መጀመሪያ በደንብ የታቀደ ስንብት ምን እንደሚመስል እንይ። አሜሪካዊው ኮሪዮግራፈር ሜርስ ከኒንግሃም ቡድኑን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። በ2009፣ ዘጠና ዓመት በሞላው ዓመት፣ እሱ ሲሞት ቡድኑ ለሁለት ዓመት ዓለምን ዞሮ ከዚያ እንዲዘጋ የሚል ዕቅድ ይፋ ሆነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ አረፈ። ቡድኑም እንደተባለው ዞሮ የመጨረሻውን ትርዒት ታኅሣሥ 31 ቀን 2011 ኒውዮርክ፣ ፓርክ አቬኑ አርመሪ በሚባለው ግዙፍ አዳራሽ አሳየ። ሦስት መድረክ በአንድ ጊዜ ይሠራ ነበር፤ ታዳሚው በመካከላቸው እየተዘዋወረ ያያል። የመግቢያው ዋጋ 10 ዶላር ነበር። ለዳንሰኞቹ ደግሞ ወደ ሌላ ሕይወት የሚሻገሩበት ክፍያ ታስቦላቸዋል። ሥራዎቹም «የዳንስ ካፕሱል» በተባለ መዝገብ ተቀመጡ፦ ቪዲዮው፣ የኮሪዮግራፈሩ ማስታወሻ፣ የመብራቱ ፕላን፣ የልብሱ ንድፍ፣ የሙዚቃው መረጃ።

እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ስለምሠራ ይህ አሠራር ልቤን ይነካዋል። እኛም አንድ ሲስተም ሲዘጋ ዳታውን እናዛውራለን፣ ኮዱን ከነማብራሪያው እናስቀምጣለን፣ ተጠቃሚው ወዴት እንደሚሄድ እንነግረዋለን። ልዩነቱ ኮድ ሌላ ማሽን ላይ ራሱን ችሎ መሮጡ ነው። ዳንስ ከቪዲዮ ብቻ አይነሳም። የከኒንግሃም ሥራዎች ዛሬም ለሌላ ቡድን ሲሰጡ የድሮ ዳንሰኛ ሄዶ በአካል ያስተምራል፤ ካፕሱሉ እሱን ያግዘዋል እንጂ አይተካውም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር አዲስ አበባ መጥቶ የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» ከመቶ ከሚበልጡ የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆች ጋር ሠራ። ሥራው የተያያዘው መንታ ልጆች ያሏቸውን ድሃ ቤተሰቦች ከሚረዳው ጄሚኒ ትረስት ጋር ነበር። ከዚያ ተነስቶ የተፈጠረው ቡድን ስሙ አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ሆነ። አሥራ ስምንት ወጣቶች ለአምስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ሰለጠኑ። በራሳቸው አካል የተማሩትን መልሰው ለሌሎች ማስተማርም የሥልጠናው አካል ነበር።

ስሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። አዱኛ የዚህ ዓለም ሀብት ነው፣ ሲሳይ ነው፣ ግን አላፊ ነው። ሰው «አዱኛ» ሲል ውስጡ ሁልጊዜ ትንሽ ስንብት አለ። ካርሚና ቡራናም የሚከፈተውና የሚዘጋው ስለ ዕድል፣ ስለሚሽከረከረው የዕድል መንኮራኩር በሚዘምር መዘምራን ነው። ከአዱኛ የወጡት ጁናይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ በኋላ የያዙት ስም ደግሞ «ዴስቲኖ» ነው፤ በስፓንኛ ዕጣ ፈንታ ማለት። ሦስት ስም፣ አንድ ሐሳብ፦ የተሰጠህ ይወሰዳል።

ጁናይድ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ የመምህርና ደቀ መዝሙር ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ጋር ሠርቷል። በ2009 ሁለቱ ጓደኛሞች ለንደን፣ ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ወጥተዋል፤ በዳንስ ዓለም ከዚያ የሚበልጥ አድራሻ ብዙ የለም። ታዲያ ይህ ታሪክ ሲነገር ሁልጊዜ አንድ ቅርጽ ይይዛል፦ «ከጎዳና ወደ መድረክ»። ያምራል። ችግሩ፣ መድረኩ ላይ ምን ተደነሰ የሚለው ጥያቄ ይጠፋል። ዳንሱ የእርዳታ ውጤት ማሳያ ይሆንና እንደ ዳንስ ሳይታይ ያልፋል። ቡድኑ ሲያበቃ የሚቀረው ጽሑፍም ስንት ልጅ ተጠቀመ የሚል ሪፖርት ይሆናል። ሪፖርት ደግሞ ትከሻ የለውም።

እስኪ እንደ ዳንስ እንየው። ማልዱም እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ «ሪትም ኢዝ ኢት!» የሚለው የ2004 የጀርመን ዶክመንተሪ አለ። ከአዲስ አበባው ሰባት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በርሊን ውስጥ ከ250 ያህል ወጣቶችና ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» ሲሠራ ያሳያል። ዓለም የሚያውቀው ይህን የበርሊኑን ነው። እዚያ ላይ እንደምታዩት ሰውየው ከልጆቹ መጀመሪያ የሚፈልገው እንቅስቃሴ አይደለም። ዝምታ ነው፤ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ መቆም፤ አለመሳቅ፣ አለማጉረምረም፣ ዓይንን አለማሸሽ።

ይህንን ትእዛዝ ከበርሊን አንሱትና ለአዲስ አበባ የጎዳና ልጅ ስጡት። ጎዳና ላይ አንድ ቦታ ቆሞ መታየት አደጋ ነው፤ የቆመ ይባረራል፣ የታየ ይያዛል። ልጁ የተካነው በመሹለክ፣ በመዞር፣ ከዓይን በመጥፋት ነው። እንዲህ ያለ አካል መብራት ስር ለአሥር ሰከንድ ቀጥ ብሎ ሲቆም ትልቁ የዳንስ እንቅስቃሴ እሱ ነው። ይህን ለማለት የልጁን የሕይወት ታሪክ መተረክ አያስፈልግም፤ አቋሙን ማየት ይበቃል።

ሁለተኛው ነገር ክብደት ነው። እስክስታ ውስጥ ኃይሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትከሻ ላይ ይፈነዳል፤ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመው ይነጋገራሉ እንጂ አንዱ ሌላው ላይ አይደገፍም። እያንዳንዱ የራሱን ክብደት ራሱ ይሸከማል። ኮንቴምፖራሪ ዳንስ፣ በተለይ ስቲቭ ፓክስተን እ.ኤ.አ. በ1972 ከጀመረው ኮንታክት ኢምፕሮቪዜሽን ወዲህ፣ ክብደትን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠትን ቋንቋው አድርጎታል። ፓክስተን ራሱ በወጣትነቱ የከኒንግሃም ዳንሰኛ ነበር። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ የካንዶኮ መሥራቾች አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚን መጥቶ ከአዱኛ ጋር ሠርቷል፤ «አዱኛ ፖቴንሻልስ» የሚባለው አካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችን ያካተተው ቡድንም ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። መደገፍ እንደ ድክመት በሚቆጠርበት ከተማ፣ መደገፍን ጥበብ አድርጎ ማሳየት ለኔ ከማንኛውም የፕሮጀክት ግብ በላይ ነው።

«ግን ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ስልቱ አዎ። በሰፈር ልጆች የተሞላ መድረክ ግን ከ1996 በፊትም ነበር። በደርግ ጊዜ ቀበሌውና ከፍተኛው የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ ልምምዱ በቀበሌ አዳራሽ፣ ዳንሰኛው የጎረቤት ልጅ፣ ተመልካቹ እናቱ። ፕሮፓጋንዳ ነበር፣ አንካድም። ነገር ግን ብዙ ዘፋኝና ተወዛዋዥ መድረክ የለመደው እዚያ ነው። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ያ አደረጃጀትም አብሮ ፈረሰ። አዳራሹ ለሌላ ሥራ ዋለ፣ ሰዉም ኑሮውን ቀጠለ። ያኔም ሸኚ አልነበረም።

ስለዚህ አዱኛን በአንድ ነገር መተቸት ካለብን፣ በኔ እይታ ይኸው ነው፦ ዳንሰኛው ተሠራ፣ ተመልካቹ ግን አልተሠራም። አሥራ ስምንት ሰው ለአምስት ዓመት ሲሰለጥን፣ ትኬት ገዝቶ የሚገባ፣ «ቀጣዩ መቼ ነው?» የሚል፣ ካልወደደውም የሚቆጣ ታዳሚ ጎን ለጎን ማደግ ነበረበት። ቡድኑ በፎረም ቴአትር ለፖሊስ ሰልጣኞች ሳይቀር ሠርቷል፤ የእንግሊዟ የቴአትር ምሁር ጄን ፕላስቶው የተሳተፈችበትና የጻፈችበት ሥራ ነው። ተመልካቹ ትርዒቱን አስቁሞ ራሱ ገብቶ የሚሞክርበት ስልት ስለሆነ ትልቅ ነገር ነው። ግን እዚያ የሚመጣው ሰው ተጋብዞ ወይም ታዝዞ ነው። ቡድንን የሚሸኝ ሰው ደግሞ ወድዶ የሚመጣ ነው።

ማኅበረሰብ የምንለው ራሱስ የት ነው ያለው? ልደታን እንውሰድ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር የልደታ ቀበሌ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው ጀሞን ወደመሰሉ የዳር ሰፈሮች ተበተነ፤ ቦታው ላይ ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ተሠራ፤ ከዚያ በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ባቡሩ መጣ። ዛሬ ልደታ ስንል ፍርድ ቤቱ፣ ማርያም ቤተ ክርስቲያኗና የባቡር ፌርማታው ነው የሚመጣልን። እድሩ ሲበተን፣ ቡና የሚጣጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሦስት አቅጣጫ ሲሄዱ፣ ከዚያ ሰፈር የበቀለ የዳንስ ቡድን ቢኖር ሥሩ ምን ላይ ይቆማል? ትርዒቱ ቢቀር ማን ያውቃል?

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንድቃ ከቦታው ተነስቷል። ብዙዎቻችን ትዝታችንንና ፎቷችንን ለጠፍን። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ፖስት ውስጥ መላኩ ሲደንስ አንገቱና ትከሻው እንዴት ተለያይተው እንደሚሄዱ፣ መሐል ላይ ከበሮው ሲቆም እሱ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረን ስንቱ ነው? «ናፍቆኛል» ማለት ሽኝት ነው፣ ግን አጭር ሽኝት ነው፤ በር ላይ ቆሞ እጅ እንደማውለብለብ።

የከኒንግሃምን ዓይነት ገንዘብ የለንም፤ ሦስት መድረክና ካፕሱል የሚቻለን አይመስለኝም። ግን የሚቻለን አለ። ኮንዶሚኒየሞቻችን ለእድርና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤትና ግቢ አላቸው፤ የድሮው ቀበሌ አዳራሽ ዘመድ መሆን ይችላሉ። ግንቦት ልደታም አለችን፦ በግንቦት 1 ጎረቤት ሁሉ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ቡናውን አፍልቶ ደጅ የሚወጣባት ቀን። ሳይታዘዝ የሚሰበሰብ ታዳሚ ማለት ያ ነው። ቡድን የስንብት ትርዒቱን ሲያስብ ከሆቴል አዳራሽና ከክብር እንግዳ ንግግር በፊት እንዲህ ያለውን ግቢ ቢያስብ፣ ዳንሱን ለሰፈሩ ልጆች አንዲት እርምጃም ቢሆን አስተምሮ ቢሄድ፣ ቢያንስ ከወለሉ ሌላ የሚቀር ቦታ ያገኛል።

የእኛ ድርሻ ደግሞ ከዚህ ይቀላል። ትኬት ካለው ገዝታችሁ ግቡ። ስልኩን ለሁለት ደቂቃ ቅረጹበት፣ ከዚያ ኪሳችሁ ክተቱት። ስትመለሱ ያያችሁትን ጻፉ፤ ስሜታችሁን ሳይሆን ያያችሁትን። ማን ማንን አነሳ? ማን ወደቀ፣ እንዴት ተነሳ? ዝምታው ስንት ሰከንድ ቆየ? የቱ ክፍል ሰለቻችሁ? አዎ፣ ይህንንም ጻፉት፤ ያልወደድነውን መናገር ዳንሰኛን እንደ ሙያተኛ ማክበር ነው፤ ሁሌ በማጨብጨብ የምንሸኘው የምናዝንለትን ሰው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ያን ትርዒት መልሶ መሥራት የሚፈልግ ልጅ ቢመጣ፣ ከሪፖርቱ ይልቅ የሚጠቅመው የእናንተ ሁለት ገጽ ነው።