ለወገን ብቻ የሚመልስ መሣሪያ

ከእስቴና ከጋይንት በላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የጉና ተራራ ጭጋግ ሲወርድ ከፊት የሚመጣው ሰው ወገን ይሁን ባዳ አይለይም። የመጪውን ዘመን እግረኛ ጦር በጨዋታ የሚቀርጹ ሰዎች ለዚህ መላ አላቸው፤ የወታደሩ ሄልሜት ሲጠየቅ «ወገን ነኝ» ብሎ በሬዲዮ ይመልሳል።

መልስ ግን ያጋልጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዙ፣ «አባ ታጠቅ» የተሰኘውን የፈረስ ስማቸውን ወዳጅም ጠላትም ያውቀው ነበር። የፈረስ ስም እንዲሰማ የወጣ ነው፤ ያስፈራል እንጂ ምስጢር አይጠብቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ «ሞስኪቶ» አውሮፕላኖች «ፐርፌክቶስ» በተባለ መሣሪያ የጀርመን አውሮፕላኖችን የወገን መለያ እየጠየቁ፣ መልሱን ተከትለው ያጠቁ ነበር።

ከዚህ ትምህርት በኋላ የተሠራው «ሞድ 4» የተባለ የጦር አውሮፕላን መለያ እጅግ ያስደንቀኛል። ጠያቂው በ1030 ሜጋኸርዝ በምስጢር የተቆለፈ ጥያቄ ይልካል። ተጠያቂው አስቀድሞ ጥያቄውን ይመረምራል፤ በዕለቱ ቁልፍ ያልተሠራ ከሆነ ዝም ይላል። ትክክል ከሆነ በ1090 ሜጋኸርዝ ሦስት አጫጭር ምቶች ብቻ ይሰጣል። ምስጢሩ ያለው ምቶቹ በሚመጡበት ቅጽበት ነው፦ 16 አማራጮች አሉ፣ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነትም የሰከንድ አራት ሚሊዮንኛ ነው። አንዴ በግምት ያገኘ ጠላት፣ ጥያቄው ሲደጋገም ይያዛል።

ሠሪዎቹ ግን አንድ ቀዳዳ ቀርቷቸው ነበር። ጠላት እውነተኛውን ጥያቄ ቀድቶ መልሶ ቢልከው ወገንን ሊያናግር ይችላል። «ሞድ 5» የመጣው ሰዓቱን ከምስጢሩ ጋር አዋህዶ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ መልስ አያገኝም።

ከሁሉ የምወደው ግን ቁልፉ የሚጠፋበትን መንገድ ነው። አብራሪው ያዝ ካላለው በቀር አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ መሣሪያው ሲጠፋ የዕለቱ ቁልፍ አብሮ ይደመሰሳል። ከዚያ በኋላ በጠላት እጅ የወደቀ ሣጥን ባዶውን ይገኛል ማለት ነው።

እግረኛ ወታደር ግን ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው፣ ማረፊያ የለውም። ቆስሎ ወይም ተማርኮ ሄልሜቱ ከራሱ ቢወልቅ ቁልፉን ማን ይደመስሳል? ጨዋታ ቀራጮች ለዚህ ጥያቄ ሕግ ማውጣት አለባቸው፦ የተማረከ ሄልሜት ለስንት ደቂቃ «ወገን ነኝ» ይላል? ቁልፉ በምን ያህል ጊዜ ይለወጣል? ጠላት ሲጠይቅ ስንቱ ወታደር ቦታውን ያጋልጣል? ይህን ያልመለሰ ጨዋታ ወታደሩን በማያስተማምን መሣሪያ ያስተማምነዋል። የመለያ ጥበብ የሚለካው ለማን መልስ እንደሚነፍግ በማወቁ ነው።