«አንቺ ይህን መሆን አትችይም» የሚለው ማን ነው?

እህቶቼ፣ በዚህ መጽሔት ስለ ኮንትራት፣ ስለ ደመወዝና ስለ ፓስፖርት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ብዙ ይጻፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጨዋታ ነው። «ጨዋታ ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» የምትል ካለች እስከ መጨረሻው ትታገሰኝ። ነገሩ ማን መሆን እንደምንችል ማን ይወስናል የሚል ስለሆነ እኛንም ይነካል።

ጨዋታው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1974 ያወጡት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። አይታው ለማታውቅ ቀላሉ ማስረጃ ዕቃ ዕቃ ነው። ልጆች ሆነን «እኔ እናት፣ አንቺ ልጅ፣ እሷ ጎረቤት» እንደምንባባለው ሁሉ፣ እዚህም አራት አምስት ሰው ጠረጴዛ ከቦ ይቀመጥና አንዱ ተዋጊ፣ አንዷ አስማተኛ፣ ሌላው ሌባ ይሆናል። ልዩነቱ ሕግ የተጻፈለት መሆኑ ነው። የገጸ ባሕርይሽ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ ዕውቀት፣ ጥበብና ግርማ ሞገስ በቁጥር ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ ያሰብሽው ይሳካ አይሳካ ዳይስ ተጥሎ ይለያል። ከመካከላቸው አንዱ ግን የጨዋታው መሪ ነው። አገሩን፣ ጠላቱን፣ በመንገድ የሚገጥማችሁን ሰው ሁሉ የሚያቀርበው እሱ ነው። ገና ሳይጀመርም «በእኔ ዓለም ይህ ይፈቀዳል፣ ይህ አይፈቀድም» ይላል።

ሂሴ በዚህ «አይፈቀድም» ላይ ነው። ገደብ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። ገደብ የሌለው ዕቃ ዕቃ እንዴት እንደሚያልቅ እናውቀው የለ? ሁሉም እናት ልሁን ይላል፣ ከዚያ በጠብ ይበተናል። ጥያቄው ገደቡ የተጣለው በዓለሙ ላይ ነው ወይስ በሰዋ ላይ የሚለው ነው።

በዓለሙ ላይ ለተጣለው ጥሩ ምሳሌ «ዳርክ ሰን» ነው። ይህ በ1991 የወጣ የዚሁ ጨዋታ ዓለም ነው። ምድሩ በረሃ ነው፤ ብረት ብርቅ ነው፤ አማልክት የሉም። ስለዚህ በሌሎቹ ዓለሞች የታወቀው ፓላዲን የሚባለው ቅዱስ ፈረሰኛ እዚያ የለም። ኖም የሚባሉት ትናንሽ ሕዝቦችም ተጨፍጭፈው አልቀዋል። «ኖም ልሁን» ብትይ መሪው አይሆንም ይልሻል። ግን ክልከላው ራሱ ታሪክ ይነግርሻል፤ ምን ዓይነት አገር እንደገባሽ ገና ወረቀትሽን ሳትሞይ ይገባሻል። ከዚያም በላይ ክልከላው በጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ሰው ሁሉ እኩል ይይዛል።

በሰዋ ላይ የተጣለውን ደግሞ በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ላይ እናገኘዋለን። በዚያ መጽሐፍ ሕግ፣ ጉልበቱ 18 የደረሰ ተዋጊ በላዩ ከመቶ የሚቆጠር ጭማሪ ነበረው። ወንዱ እስከ 100 ሲፈቀድለት ሴቷ 50 ላይ እንድትቆም ተጽፏል። ሃፍሊንግ በሚባሉት ትንንሽ ሕዝቦች ዘንድ የወንዱ ጉልበት ጣሪያ 17፣ የሴቷ 14 ነበር። ልብ በሉ፤ ዘንዶ እሳት በሚተፋበት፣ ሙት ከመቃብር በሚነሳበት ዓለም ውስጥ ነው የሴት ክንድ ብቻ በልክ እንዲሆን የተፈለገው። የውኃ ጋሎን ተሸክማ አራት ፎቅ የወጣች፣ የደከሙ ሽማግሌ ከአልጋ አንስታ የምታጥብ እህት ይህን ብታነብ ትስቃለች። ሕጉ በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ቀረ። ድዋርፍ የሚባሉት አጫጭር የተራራ ሕዝቦች ግን አስማተኛ እንዳይሆኑ የሚከለክለው ሕግ እስከ 2000 ቆየ፤ ፓላዲን መሆንም እስከዚያው ድረስ ለሰው ልጅ ብቻ የተፈቀደ ነበር።

«የድሮ ነገር ነው፣ አልፏል» ይባል ይሆናል። መጽሐፉ ቢለወጥም የመሪው አፍ አለ። ከራሴ ሁለት ጠረጴዛዎች ልንገራችሁ።

እዚህ ቤይሩት እሁድ እሁድ የምንጫወት አምስት ሴቶች ነን። መሪያችን ፊሊፒናዊት ናት፤ የምንግባባው በዚያ በኩሽና አረብኛችን ነው። ከጎንደር የመጣች እህታችን መጀመሪያ ቀን «እኔ ንግሥት ነኝ» አለች። መሪዋ «አይሆንም፣ ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ነው የምንጀምረው» ስትላት፣ «እዚህም ከታች ልጀምር?» ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ ያ ቃል ሁላችንንም ነካን። መሪዋ ግን በዚያ አላበቃችም፤ ምክንያቷን ተናገረች። አንዷ ንግሥት ከሆነች ሌሎቻችን አጃቢዎቿ እንሆናለን፣ ጨዋታውም የአንድ ሰው ይሆናል አለች። ቀጥላ «ከንግሥትነት ምኑን ነው የወደድሽው?» ብላ ጠየቀቻት። እህታችን አሰበችና «ማንም አይጠራኝም፣ እኔ ነኝ የምጠራው» አለች። ተነጋግረው ዙፋኗን የተነጠቀች፣ መሬትም ወታደርም የሌላት ንግሥት ሆነች። ቁጥሯ ከኛ አይበልጥም፤ ስሟን ግን ማንም አልወሰደባትም። ገደቡም ቀረ፣ ምኞቷም ቀረ።

በሌላው ጠረጴዛ እንግዳ ነበርኩ። መሪው የተዘጋጁ ወረቀቶች ይዞ መጣ። ሌሎቹ እያገላበጡ መረጡ። ለእኔ ግን እሱ ራሱ አንዱን አንስቶ ሰጠኝ፤ የእንግዳ ማረፊያ ምግብ አብሳይ። «ላንቺ ይህ ይቀላል» አለኝ። አስማተኛዋ ገና አልተወሰደችም፤ እሷን ስጠይቅ «ያ ይከብድሻል፣ ሌላ ጊዜ» አለ። ክፋት ያሰበ አይመስለኝም፤ ፈገግ እያለ ነው የነገረኝ። ምግብ ማብሰልም አያሳፍረኝም፣ እንጀራዬ ነው። ግን የስድስት ቀን ሥራዬን በሰባተኛው ቀን እንደ ስጦታ የሚሰጠኝ ሰው አያስፈልገኝም። የሱ ገደብ ከዓለሙ የመጣ አልነበረም። ከፊቴ ነው የመጣው።

መጽሐፉም ቢሆን ከዚህ በሽታ ጨርሶ አልዳነም። በ2024 የወጣው አዲሱ መመሪያ «ዘር» የሚለውን ቃል ትቶ «ዝርያ» ብሏል፤ የቁጥር ጭማሪውንም ከዝርያ ላይ አንስቷል። ይህ መልካም ነው። ጭማሪውን ያሳረፈው ግን ገጸ ባሕርይሽ ጀብዱ ከመጀመሯ በፊት በነበራት ኑሮ ላይ ነው። ገበሬ ከነበረች ጭማሪዋን በጉልበት፣ በጽናትና በጥበብ ላይ ታደርጋለች፤ መኳንንት ከነበረች በጉልበት፣ በዕውቀትና በግርማ ሞገስ ላይ። የገበሬ ልጅ ለዕውቀቷ ጭማሪ የላትም ማለት ነው። መነሻ ቁጥሮቿን እንደፈለገች መደልደል ትችላለች፤ ያም ሆኖ መጽሐፉ አፉን ሲከፍት የሚላት ይህንን ነው። ከገጠር ወጥታ አረብኛን ያለ አስተማሪ በስድስት ወር የለመደች ሴት ይህን ሕግ ጽፋው ቢሆን እንዲህ ትጽፈው ነበር? እዚህ ላይ እንዲያውም የመሪ ሥልጣን ይጠቅማል። ጥሩ መሪ «የአንቺ ገበሬ ዕውቀት ይጨመርላት» ማለት ይችላል፤ የኛዋ ብላለች።

የመሪዎችን ክርክርም ልስማ። «የምደክመው እኔ ነኝ፤ ካልተስማማሽ ሌላ ጠረጴዛ ፈልጊ» ይላሉ። ድካሙ እውነት ነው። የኛ መሪ የእሁዱን ታሪክ የምታስበው ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ስትተኩስ ነው። ጨዋታንም ከከፋላ ጋር አላነጻጽርም፤ ከጠረጴዛው ተነስቼ ስሄድ ፓስፖርቴን የሚይዝብኝ የለም። እኔም ከሁለተኛው ጠረጴዛ ተነስቻለሁ፣ አልተመለስኩም። ነገር ግን መሄድ መቻሌ የተባልኩትን ትክክል አያደርገውም። ብዙዎቻችን በኤጀንሲ ፎቶና በአንድ መስመር ጽሑፍ ተመርጠን የመጣን ነን፤ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ «ልጅ ትይዛለች»። ራስሽን በራስሽ እጅ የምትጽፊበት ባዶ ወረቀት ስታገኚ፣ ብዕሩን የሚነጥቅሽ ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ለመጫወት የምትቀመጪ እህት፣ «አይፈቀድም» ስትባዪ ሦስት ነገር ጠይቂ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ሁላችንንም ይይዛል ወይስ እኔን ብቻ? የተነገረው ገጸ ባሕርዬን ከመጻፌ በፊት ነው ወይስ ወድጄ ከጨረስኩ በኋላ? ለሦስቱም መልስ ካገኘሽ ገደቡን ተቀብለሽ ተጫወቺ፤ ጨዋታው ያምራል። መሪ ለመሆን የምታስቢም ካለሽ፣ የተዘጋጁ ወረቀቶችሽን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርጊና እጅሽን ሰብስቢ፤ እነሱ ያንሱ።