ያልተቀባው ነጭ

በውኃ ቀለም የሚሠራ ሠዓሊ ነጭ ቀለም አያሻውም፤ ነጩ ወረቀቱ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው ሲሥል ጋቢውን አይቀባም። ፊቱን፣ እጁን፣ ከኋላው ያለውን ማሳ ይቀባና ጋቢውን ይተወዋል፤ እጥፋቱን ለማሳየት ሁለት ሦስት ቀጭን የጥላ ጭረት ካገባ በቂ ነው። በአፍ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እጅ ላይ ሲመጣ ግን የቱ እንደሚተው ብሩሹ ውኃ ሳይነካ መወሰን አለበት። የዘይት ቀለም በላዩ ሌላ ይደረብበታል፤ የውኃ ቀለም አንዴ ወረቀቱ ከጠጣው በኋላ የሄደው ነጭ አይመለስም።

ይህን የማነሳው ስለ የቭጌኒ ሴኒጎቭ ለመናገር ነው። በ1872 እ.ኤ.አ. የተወለደ ሩሲያዊ መኮንን ነበር፤ ሠዓሊም ነበር። ከአድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታት ሩሲያውያን ወደ አገራችን በብዛት ይመጡ ነበር። በ1896 እ.ኤ.አ. የቀይ መስቀል ሐኪሞቻቸው አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ አከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ መኮንኑ ቡላቶቪች ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ዘለቀ፤ ኮሎኔል አርታሞኖቭ ደግሞ ከደጃዝማች ተሰማ ናደው ጋር ወደ ነጭ ዓባይ ወረደ። እነዚህ ያዩትን ጽፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሴኒጎቭ ግን ቀረ። ካፋ ውስጥ፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ግዛት፣ ረጅም ዘመን ኖረ። የአገሬውን ልብስ ለብሶ በባዶ እግሩ ይሄድ እንደነበር ይነገርለታል። ያየውንም በውኃ ቀለም ሣለ፤ ከሥዕሎቹ ብዙዎቹ ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኩንስትካሜራ በሚባለው ሙዚየም ተቀምጠዋል።

ስለ ሴኒጎቭ የሚጽፉ ሰዎች ባዶ እግሩ ላይ ይቆማሉ። እኔን የሚይዘኝ ወረቀቱ ነው። በዚያ ዘመን ሹሙም ወታደሩም ባላገሩም ነጭ ለባሽ ነው፤ ስለዚህ በውኃ ቀለም ኢትዮጵያን ልሣል ያለ ሰው ከሥዕሉ ትልቁን ክፍል ሳይነካ መተው ነበረበት። ኩታ በሐዘን እንዴት እንደሚደረግ፣ በሹም ፊት እንዴት እንደሚያደገድጉበት፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው የት ላይ እንደሚቋጥረው አስቀድሞ የማያውቅ እጅ ይህን ሊተው አይችልም። አላፊ መንገደኛ ይህን የሚያውቅበት ጊዜ የለውም። ለእኔ የሴኒጎቭ መቅረት ትልቁ ትርጉም እዚህ ላይ ነው።

እኔ የምሠራው ከሚሴ ነው። ከተማዋ ያለችበት የጨፋ ሸለቆ ነጭ ለባሽ አገር አይደለም፤ ወንዱ ሽርጥ ያገለድማል፣ ሴቷ ደማቅ ሻሽ ታስራለች። ነጩ የሚበዛው ዓርብ ነው፤ ጁምዓ ሲደርስ ጀለቢያውና ኮፍያው አስፋልቱን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ወረቀቴ ላይ ሰውን ከመቀባት ይልቅ መንገዱን፣ ግድግዳውንና የዛፉን ጥላ እቀባለሁ፤ ሰዎቹ በመካከል ራሳቸው ይወጣሉ።

በበጋ ደግሞ ሸለቆው ሌላ ፈተና ያመጣል። ዙሪያው ደርቆ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ረግረግ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር፣ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን ይዘው ወደዚያ ይወርዳሉ። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ነገር ግን ሙቀቱ ከነፋሱ ጋር ሆኖ ቀለሙን ብሩሹ ሳይነሳ ያደርቀዋል፤ ሰማዩን ከላይ ጀምሬ ወደ ሸንበቆው ሳወርድ መሐል ላይ ጠርዝ ይዞ ይቀራል። መድኃኒቱ ማለዳ መነሳት፣ ወረቀቱን ከጀርባው ማርጠብ፣ ቀለሙ ውስጥም ትንሽ ማር ጠብ ማድረግ ነው። ማር እርጥበት ይይዛል። የሩሲያ ልጆች ትምህርት ቤት የሚይዙት የውኃ ቀለም ብዙውን ጊዜ በማር የተሠራ ነው። ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር የሚያጣብቀውም የግራር ሙጫ ነው፤ ይህንኑ ሙጫ የሚሰጥ ግራር በእኛም ቆላ ይበቅላል። ከውጭ በውድ የሚገዛው ቀለም ግማሽ ነገሩ የቆላ አገር ሀብት መሆኑን ለሚማሩት ልጆች ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ።

ሰንበቴ ገበያ፣ እሑድ ቀን፣ የሠራሁትን ዘርግቼ ሳደርቅ አንድ ሽማግሌ ቀረቡኝ። ሥዕሉ ላይ ጋቢ እስከ አፉ ተከናንቦ ግንብ ሥር የተቀመጠ ሰው ነበር። ጋቢው ወረቀት ብቻ ነው፤ ምንም አልነካሁትም።

«ይኼን ልጅ ወባ ነው የያዘው፣ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ አተኩሶት ነበር።»

«ታዲያስ! በዚህ ሐሩር ጋቢ ማን ይከናነባል። አላህ ያሽረው» ብለው ወደ ፍየላቸው ሄዱ።

ፊቱ ከጋቢው ውስጥ እምብዛም አይታይም ነበር። ሽማግሌው ሕመሙን ያነበቡት ካልተቀባው ቦታ ላይ ነው። ከአገሬው ተመልካች የምፈልገው ይህንን ነው፤ «መልኩን አገኘኸው» ከሚል ምስጋና በላይ ያስደስተኛል።

ከሴኒጎቭ ጎን ሌላ ስደተኛ ሩሲያዊት ሠዓሊ ሳስቀምጥ ነገሩ ይበልጥ ይጠራልኛል። ዚናይዳ ሴሬብሪያኮቫ ባሏ በ1919 እ.ኤ.አ. በታይፈስ ሞቶባት አራት ልጆች ይዛ ቀረች። በ1924 ለሥራ ብላ ፓሪስ ሄደች፤ መመለስ ግን አልሆነላትም። ሁለቱ ልጆች ኋላ ሲከተሏት ሁለቱ ሩሲያ ቀሩ፤ ልጇ ታቲያና እናቷን ያየቻት ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ነው። ይህች ሴት በ1928 መጨረሻ ወደ ሞሮኮ ተልካ ስድስት ሳምንት ያህል ሠራች፤ በ1932 ደግማ ሄደች። የያዘችው ፓስቴል የሚባል ደረቅ ቀለም ነበር። የማራኬሽ ሰው ረጅም ሰዓት አይቀመጥላትም ነበርና ምርጫዋ ትክክል ነው፤ ፓስቴል እስኪደርቅ አይጠበቅም፣ ነጩም መጨረሻ ላይ ከላይ ይደረጋል። ፊቶቹ ሕያው ናቸው፤ በዚያ ጥድፊያ እንዲህ ያለ ዓይን የሣለ ጥቂት ነው። ሰዎቹ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወዴት እንደሚሄዱ፣ ምን ሥራ እንደሚጠብቃቸው ግን ከሥዕሉ አላገኝም። ይህን ስል ላሳንሳት አይደለም፤ ስድስት ሳምንት የሚሰጠው ይህን ነው፤ እሷም ያንን እስከ ጥጉ ተጠቀመችበት።

መንገዱ ከእኛ ወደ ሩሲያም ሄዷል። የወልድያው ተወላጅ ታደሰ መስፍን በሌኒንግራድ ተምረው ተመልሰው አዲስ አበባ በአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ሸራቸውን የሞሉት ግን የጉልት ነጋዴ ሴቶች ናቸው። የሩሲያ አካዳሚ የሰውነትን አቋም አስተምሯቸው ይሆናል፤ እነዚያ ሴቶች ከሚቸረችሩት ሽንኩርት ኋላ እንዴት እንደሚቆሙ ያስተማራቸው ግን የራሳቸው አገር ገበያ ነው።

የሴኒጎቭ ሥዕሎች ቢያንስ በጥሩ ኅትመት ካፋ ውስጥ፣ ቦንጋ ላይ ቢሰቀሉ እመኛለሁ። የሙዚየም ባለሙያ ወረቀቱንና ዘመኑን ይመረምራል፤ ያ ተገቢ ነው። ኩታው በትክክል መተዉን፣ እጥፋቱ የጌታ ይሁን የሎሌ፣ ሰውየው ቆሞ የሚናገረው ክስ ይሁን ምስጋና የሚለዩት ግን የዚያ አገር አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱ ያሉትንም በየሥዕሉ ሥር በስማቸው መጻፍ ያስፈልጋል።